የትያትር ቤቱ ሳጥንና የተዋናይቷ ሳጥን

አንድ አሮጌ የትያትር ፕሮግራም እጃችሁ ገባ እንበል። ከአራት ገጽ የማትበልጥ ቀጭን ወረቀት ናት። የተውኔቱ ርዕስ፣ የተዋንያኑ ስም፣ የሻይ ቤትና የልብስ ሱቅ ማስታወቂያ አለባት። ቀኑም ተጽፎባታል፦ «ከሰኞ ማርች 12 ጀምሮ»። ዓመቱ ግን የለም።

አሳታሚው ረስቶት አይደለም። ፕሮግራሟ የምታገለግለው ተውኔቱ እስኪወርድ ላሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። ቲኬት ቆርጦ የገባ ሰው የትኛው ዓመት ላይ እንዳለ ያውቃል። ከ70 ወይም ከ80 ዓመት በኋላ ወረቀቷን ይዞ የሚጨነቅ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

ይህ ጽሑፍ የዚያን የሚጨነቅ ሰው ሥራ ያስረዳል። የስኮትላንድ ሪፐርተሪ ትያትር ቤቶች (ቋሚ ተዋንያን ይዘው ተውኔት እየለዋወጡ የሚያሳዩ ቤቶች) እና የተዋንያኖቻቸው ወረቀቶች እንዴት ተፈጠሩ? ለምንስ አይቀላቀሉም? ሲነበቡ ምን ይነግሩናል፣ ምንስ ይደብቁናል? ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ፕሮግራሟን እንጨርስ። የግላስጎው ሲቲዝንስ ትያትር ናት እንበል። በ1930ዎቹና በ1960ዎቹ መካከል ማርች 12 ሰኞ የዋለው በ1934፣ በ1945፣ በ1951፣ በ1956 እና በ1962 ነው። ሲቲዝንስ የተመሠረተው በ1943 ስለሆነ 1934 ወዲያው ይወድቃል። ቀጥሎ አድራሻው ይታያል። ትያትር ቤቱ መጀመሪያ ላይ አቴኒየም በሚባል አዳራሽ ነበር የሚሠራው። በሴፕቴምበር 1945 ከክላይድ ወንዝ ማዶ ወዳለው የጎርባልስ ሰፈር ተዛወረ። ስለዚህ ፕሮግራሟ «አቴኒየም» ካለች 1945 ናት፤ አለቀ። «ጎርባልስ» ካለች ግን ሦስት ዓመታት ይቀራሉ። ያኔ የተዋንያኑንና የአዘጋጁን ስም፣ የቲኬቱን ዋጋ፣ የማስታወቂያዎቹን ዓይነት ከሌሎች ሰነዶች ጋር ማመሳከር ነው። የዚያ ሳምንት ጋዜጣ ከተገኘ ነገሩ ይቋጫል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአንዲት ወረቀት ነው። በአንድ ትያትር ቤት መዛግብት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ወረቀት በብዙ ሳጥን ይገኛል። ሥራው ለምን ዓመታት እንደሚፈጅ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከለንደን በባቡር የሚመጣ ትያትር

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የግላስጎውና የኤደንብራ ትያትር ቤቶች በአብዛኛው እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። ተውኔቱም፣ ተዋንያኑም፣ የመድረኩ ዕቃም ከለንደን ተጭኖ በባቡር ይመጣል። ቡድኑ አንድ ሳምንት ሠርቶ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። ወረቀቱም አብሮት ይሄዳል። ከተማዋ ትያትር አየች እንጂ ትያትር አልነበራትም።

አልፍሬድ ዌሪንግ የሚባል ሰው በ1909 ይህን ሊለውጥ ተነሣና ግላስጎው ሪፐርተሪ ትያትርን አቋቋመ። ገንዘብ ያሰባሰበው ለከተማው ሰዎች አክሲዮን በመሸጥ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከተማዋ የራሷ ቋሚ ተዋንያን ይኑሯት። የምታየውንም ራሷ ትምረጥ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አንድ ትልቅ ነገር ሆነ፤ የሩሲያዊው የአንቶን ቼኾቭ ተውኔት በብሪታንያ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ መድረክ ላይ ወጣ። ለንደን ሳትቀድም ግላስጎው ቀደመች። የተረጎመውም ያዘጋጀውም ጆርጅ ካልድረን ነው። ቡድኑ ግን ከአምስት ዓመት በላይ አልቆየም። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ፈረሰ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። ሴንት አንድሩስ ውስጥ የላም በረት የነበረ ቤት በ1933 ትያትር ቤት ሆነ። በፐርዝ ከተማ ማርጆሪ ዴንስ እና ዴቪድ ስቱዋርት በ1935 ሪፐርተሪ ጀመሩ። ደንዲ በ1939 ተከተለች። ፒትሎክሪ ደግሞ በ1951 በድንኳን ሥር ሥራውን ጀመረ። ግላስጎው ውስጥ ሐኪምም ጸሐፌ ተውኔትም የነበረው ጀምስ ብራይዲ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል፣ በ1943፣ ከወዳጆቹ ጋር ሲቲዝንስን መሠረተ። ስሙን ሳይቀር ከዌሪንግ ቡድን መግለጫ ነው የወሰደው።

ሪፐርተሪ የሚባለው አሠራር እንዲህ ነው። ቋሚ የተዋንያን ቡድን ይቀጠራል። ያው ቡድን በአጭር ጊዜ ልዩነት ተውኔት በተውኔት ላይ ይሠራል። ሲቲዝንስን የመሰሉት ለአንድ ተውኔት ከሳምንት በላይ ይሰጡ ነበር። አቅም ያነሳቸው ግን በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት ያወጡ ነበር።

በየሳምንቱ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ሰኞ ማታ አዲሱ ተውኔት ይከፈታል። ማክሰኞ ጠዋት የሚቀጥለው ሳምንት ተውኔት ልምምድ ይጀመራል። ማክሰኞ የመጀመሪያው ገቢር፣ ረቡዕ ሁለተኛው፣ ሐሙስ ሦስተኛው ይሠራል። ማታ ማታ የያዙት ሳምንት ተውኔት ይታያል። ተዋናይቷ ከመድረክ ወርዳ፣ ቀለሟን አጥባ፣ ወደ ተከራየችው ክፍል ትመለስና የነገውን ገቢር ቃል በቃል ስታጠና ታመሻለች። ቅዳሜ ቀንም ማታም ትርኢት አለ። ቅዳሜ ሌሊትና እሑድ የመድረኩ ዕቃ ፈርሶ የአዲሱ ይተከላል። ሰኞ ቀን በልብስና በመብራት ሙሉ ልምምድ ይደረግና ማታ መጋረጃው ይከፈታል።

በዚህ ላይ የልብስ ጣጣ አለ። ተውኔቱ የጥንት ዘመን ካልሆነ በቀር ተዋንያን በራሳቸው ልብስ መጫወት ነበረባቸው። ወንድ አንድ ጥሩ ሙሉ ልብስ ካለው ብዙ ሳምንት ይዘልቃል። ሴት ግን ባለፈው ሳምንት የታየውን ቀሚስ በዚህ ሳምንት ይዛ ብትወጣ ተመልካቹ ያውቃታል። ስለዚህ ቀሚስ ማሳጠር፣ አንገቱን መለወጥ፣ ከጓደኛ መዋስ የትወናው አካል ነበር። የአንዲት ተዋናይት የወጪ ማስታወሻ ውስጥ የክርና የጨርቅ ሂሳብ ብታገኙ አትገረሙ። የሥራ ወጪዋ ነው።

ትያትር ቤቱ የሚያስቀረው ወረቀት

በዚህ ሩጫ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ለታሪክ ብለው የጻፉት ነገር የለም ማለት ይቻላል። የጻፉት የነገው ሥራ እንዳይበላሽ ነው። ወረቀቱን የምናምነውም በዚህ ምክንያት ነው። ለማስመሰል ጊዜ አልነበራቸውም።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማስቀምጠው ፕሮምፕት ቡክ የሚባለውን ነው። የመድረክ መሪው ደብተር ነው። የታተመው ተውኔት ገጽ በገጽ ይገነጠልና በየመሀሉ ባዶ ወረቀት ይገባበታል። በባዶው ወረቀት ላይ በእርሳስ ሁሉም ነገር ይጻፋል። ማን በየት በኩል ይገባል፣ በየትኛው ቃል ላይ ይነሣል፣ መብራቱ መቼ ይደበዝዛል፣ በሩ መቼ ይንኳኳል። የተሰረዘ መስመር አለ። የተጨመረ ቃል አለ። አንዳንዴ «እዚህ ላይ ሳቅ ጠብቅ» የሚል ዓይነት ማስታወሻ ይገኛል። የታተመው መጽሐፍ ደራሲው የጻፈውን ይነግረናል። ፕሮምፕት ቡክ ግን በዚያ ከተማ፣ በዚያ ሳምንት መድረክ ላይ የተደረገውን ይነግረናል። በስኮትላንድ ጉዳይ ይህ ይበልጥ ዋጋ አለው። ብዙዎቹ አገርኛ ተውኔቶች በስኮትስ ቋንቋ የተጻፉ ሲሆኑ ጨርሶ ያልታተሙም ነበሩ። በመኪና የተተየበው ቅጂ ከጠፋ ተውኔቱ ጠፋ ማለት ነው።

ቀጥሎ የገንዘቡ ወረቀት ይመጣል። የእያንዳንዱ ምሽት የቲኬት ገቢ የተመዘገበበት ማለት ነው። ይህን ለማንበብ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1971 በፊት የብሪታንያ ገንዘብ አቆጣጠር ሌላ ነበር፤ አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግ 12 ፔንስ ነበር። መንግሥት ከ1916 ጀምሮ በመዝናኛ ቲኬት ላይ ግብር ይሰበስብ ነበር። ከትያትር ላይ የተነሣው በ1957 ነው። ለትርፍ ያልቆሙና ለትምህርታዊ ዓላማ የሚሠሩ ቡድኖች ከዚህ ግብር ነፃ የሚሆኑበት መንገድ ነበር። ብዙ ሪፐርተሪዎች ለትርፍ ባልቆመ ማኅበር መልክ የተቋቋሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በደብዳቤዎቻቸው ውስጥ ስለ «ባህልና ትምህርት» የተጻፈውን ስናነብ ከበስተጀርባው የግብር ጉዳይ ሊኖር እንደሚችል ማስታወስ አለብን። ሐሳቡ ከልብ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ሁለቱም አብረው ይሄዱ ነበር።

የቦርድ ቃለ ጉባዔ፣ የደመወዝ መዝገብ፣ ከደራሲያን ጋር የተደረገ ደብዳቤ፣ የመድረክ ዕቃ ንድፍ፣ ፎቶግራፍ ይከተላል። የመድረክ መሪው በየምሽቱ የሚጽፈው አጭር ሪፖርትም አለ። መጋረጃው በስንት ሰዓት ተከፈተ፣ ማን ዘገየ፣ የትኛው ወንበር ተሰበረ። የአንድ ቤት ሕይወት ከቃለ ጉባዔው ይልቅ እዚህ ላይ ይበልጥ ይታያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፕሮግራም ይዋሻል። በመጨረሻው ሰዓት ተዋናይ ታሞ ሌላ ሰው ቢተካ ፕሮግራሙ ቀድሞ ታትሟል። አንድ ተዋናይ ሁለት ገጸ ባሕርይ ሲጫወት ደግሞ ለሁለተኛው የፈጠራ ስም የሚሰጥበት ልማድ ነበር። በብሪታንያ የታወቀው ስም ዋልተር ፕሊንጅ ነው። በብዙ ትያትር ቤቶችና በብዙ ዓመታት ፕሮግራሞች ላይ የሚታየው ይህ «ተዋናይ» በሕይወት ኖሮ አያውቅም።

የተዋናይቷ ሳጥን ሌላ ነገር ይናገራል

ሞሊ ኧርከርትን እንውሰድ። በ1906 ተወልዳ በ1977 ያረፈች የግላስጎው ተዋናይት ናት። በሜይ 1939 ከግላስጎው አጠገብ ባለችው ራዘርግለን ከተማ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሕንፃ ይዛ የራሷን ትያትር ቤት ከፈተች። ስሙም በስሟ የመጀመሪያ ፊደላት ኤም.ኤስ.ዩ. ተባለ። ትያትር ቤት ለመክፈት ከዚያ የከፋ ጊዜ አልነበረም። ከአራት ወር ገደማ በኋላ ጦርነት ታወጀ። መንግሥት በአገሩ ያሉትን ትያትር ቤቶች በሙሉ ዘጋ፤ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ከፈተ። እሷ ግን እስከ 1944 ቀጠለች። ታዋቂው የስኮትላንድ ተዋናይ ደንከን ማክሬይ እዚያ ሠርቷል። በኋላ በፊልምና በቴሌቪዥን ስሙ የገነነው ጎርደን ጃክሰንም ገና ወጣት ሳለ በዚያ መድረክ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሞሊ ወደ ሲቲዝንስ ሄዳ ከዋነኞቹ ተዋንያን አንዷ ሆነች።

አሁን አንድ ተመራማሪ ስለ እሷ ሊጽፍ ተነሣ እንበል። ወደ አንድ ትልቅ ትያትር ቤት መዛግብት ቢሄድ ምን ያገኛል? ስሟን በፕሮግራም ላይ ያገኛል። ደመወዟን በመዝገብ ላይ ያገኛል። ፊቷን በፎቶግራፍ ላይ ያገኛል። ቤቱ የሚያውቃት እንደ ሠራተኛ ነው። መቼ ተቀጠረች፣ ስንት ተከፈላት፣ መቼ ለቀቀች። ሚናዋን እንዴት እንዳጠናችው፣ ለምን እንደተቀበለችው፣ ከማን ጋር እንደተጣላችበት፣ ልጅ እያሳደጉ ማታ ማታ መሥራት ምን እንደሚመስል ትያትር ቤቱ አልመዘገበም። የሚመዘግብበትም ምክንያት አልነበረውም።

ይህን የሚይዘው የተዋናዮች የግል ወረቀት ነው። በዳርና በዳር ማስታወሻ የተሞላ የሚና ጽሑፍ፣ የቅጥር ውል፣ ከቤተሰብ የመጣ ደብዳቤ፣ የአድናቂ ደብዳቤ፣ የቀን መያዣ፣ ከጋዜጣ ተቆርጦ ደብተር ላይ የተለጠፈ ሂስ። የሴት ተዋንያን ጉዳይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ እክል አለው። የመድረክ ስምና የትዳር ስም ይለያያሉ። ሞሊ ለተመልካቹ ሚስ ኧርከርት ስትሆን በትዳሯ ሚስስ ማኪንቶሽ ነበረች። እንዲህ ያለችን ሴት በአንድ ስም ብቻ የፈለገ ሰው የሕይወቷን ግማሽ ሳያይ ይመለሳል። ጥሩ የመዛግብት ባለሙያ ካታሎጉ ላይ ሁለቱንም ስሞች አስሮ ያስቀምጣል። ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ግን ስንት ሴት በዚህ ምክንያት ከታሪክ ወድቃለች!

የተዋናይቷ ሳጥንም ቢሆን በየዋህነት አይነበብም። የጋዜጣ ቁራጭ የሚለጥፍ ሰው ያመሰገነውን እንጂ የነቀፈውን አይለጥፍም። ቀኑና የጋዜጣው ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ አብሮ በመቀስ ይቆረጣል። ስለዚህ ደብተሩን ብቻ ያነበበ ሰው ሁሉም ምሽት ድል የነበረ ይመስለዋል። የትያትር ቤቱን የገቢ መዝገብ ሲያይ ደግሞ በዚያው ሳምንት አዳራሹ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሰው ባልሞላበት አዳራሽ ውስጥ ድንቅ ትወና ሊኖር ይችላል። ይህን የምናውቀው ግን ሁለቱን ሳጥኖች ጎን ለጎን ስናነብ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ይነሣል። ሁለቱ ስለ አንድ ጊዜና ስለ አንድ መድረክ ከሆኑ ለምን አይቀላቀሉም? ፎቶውን ከፎቶ፣ ደብዳቤውን ከደብዳቤ፣ ሁሉንም በተውኔቱ ርዕስ መደርደር አይሻልም?

አይሻልም። የመዛግብት ሥራ ዋና ሕግ ሰነድ ከየት እንደመጣ መጠበቅ ነው። ሦስት የሆላንድ ባለሙያዎች በ1898 ባሳተሙት መመሪያ ይህን ሐሳብ በግልጽ ካስቀመጡት ወዲህ ዓለም ሁሉ ተከትሎታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ፎቶግራፍ በትያትር ቤቱ የማስታወቂያ ፋይል ውስጥ ከተገኘ ቤቱ ሊሸጠው የፈለገው ምስል ነው ማለት ነው። ያው ፎቶ በተዋናይቷ የመኝታ ክፍል መሳቢያ ውስጥ፣ ከእናቷ ደብዳቤ ጋር ተጣጥፎ ከተገኘ ግን ለእሷ ምን እንደነበር ይናገራል። አንድ ላይ ከደባለቅናቸው ሁለት ተመሳሳይ ፎቶዎች ብቻ ይቀሩናል። ለዚህም ነው ባለሙያው ሳጥን ሲቀበል መጀመሪያ ምንም ሳይነካ ያለበትን ቅደም ተከተል የሚመዘግበው። የተዘበራረቀ የሚመስለው አቀማመጥ የባለቤቷ ሐሳብ ሊሆን ይችላል። ግንኙነታቸውን የሚያሳየው ካታሎጉ ነው። ወረቀቶቹ በየቦታቸው ይቀመጣሉ፤ በካታሎጉ ላይ ግን አንዱ ሌላውን ይጠቁማል።

ሦስተኛው ሳጥን ለንደን ነው

ስለ ስኮትላንድ ትያትር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አንድ ቦታ አለ። እስከ 1968 ድረስ በብሪታንያ ለሕዝብ የሚቀርብ አዲስ ተውኔት ሁሉ አስቀድሞ ለሳንሱር መቅረብ ነበረበት። ሥልጣኑ የቤተ መንግሥቱ ሹም የሎርድ ቻምበርሌን ነበር። ሕጉ የተጀመረው በ1737 ሲሆን በ1843 ተሻሽሎ ቀጠለ። ትያትር ቤቱ ጽሑፉን ይልካል፤ አንባቢው አስተያየቱን ይጽፋል፤ ይህ ይውጣ፣ ይህ ይለወጥ ይላል፤ ከዚያ ፈቃድ ይሰጣል።

ሳንሱሩ ብዙ ተውኔት አበላሽቷል፤ ይህ መካድ የለበትም። የተላኩለትን ቅጂዎች ግን ጠብቆ አቆይቷል። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ግላስጎው ውስጥ የጠፋ የስኮትላንድ ተውኔት ለንደን ውስጥ ሊገኝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከፕሮምፕት ቡኩ ጋር ሲተያይ ደግሞ ሌላ ነገር ይወጣል። ሳንሱሩ የሰረዘው መስመር በመድረክ መሪው ደብተር ላይም ተሰርዟል ወይ? ወይስ ተዋንያኑ እንደ ምንም ብለው ይሉት ነበር?

ከሳጥን የተነሣ ተውኔት

ይህ ሁሉ ለተመራማሪ ብቻ የሚጠቅም ለሚመስለው አንድ ታሪክ ልንገረው። በ1941 ግላስጎው ውስጥ ዩኒቲ ትያትር የሚባል የሠራተኞች ቡድን ተመሠረተ። በ1947 ኢና ላሞንት ስቱዋርት የጻፈችውን «ሜን ሹድ ዊፕ» (ወንዶች ሊያለቅሱ ይገባል) የተሰኘ ተውኔት አወጣ። በ1930ዎቹ የግላስጎው ድሆች መንደር ውስጥ ልጆቿን ለማኖር የምትታገል ማጊ የምትባል እናት ታሪክ ነው። ሰው ወደደው። ከዚያ ግን ተረሳ። ደራሲዋም ከትያትር ዓለም እየራቀች ሄደች።

በ1982 ሰቨን ኤይቲ ፎር የሚባል ቡድን የተረሱ የስኮትላንድ የሠራተኛ ተውኔቶችን ከያሉበት አፈላልጎ አንድ ወቅት ሙሉ ለማሳየት ተነሣ። የማጊ ታሪክ ከተመረጡት አንዱ ነበር። የሲቲዝንሱ ጃይልስ ሃቨርጋል አዘጋጀው። ሕዝቡ እንደ አዲስ ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ የስኮትላንድ ታላላቅ ተውኔቶች ሲቆጠሩ አይቀርም፤ በ2010 ለንደን በሚገኘው ናሽናል ትያትር ታይቷል።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ ይወሳሰባል። የ1982ቱ ጽሑፍ የ1947ቱ አይደለም። ደራሲዋ በመሀል አሻሽላዋለች። የመጀመሪያው በሞትና በሐዘን ያልቃል። በተሻሻለው ማጊ በሕይወት ትቆያለች፤ ለባሏም የልቧን ትናገራለች። ታዲያ ትክክለኛው የትኛው ነው? እንደ እኔ ሁለቱም ናቸው፤ የ1947ቱ የዚያን ጊዜ ነው፣ የተሻሻለውም የራሱን ጊዜ። ይህን ለማለት የምንችለው ግን የመጀመሪያውም ቅጂ ስላልተጣለ ነው። የተሻሻለው ወጣ ተብሎ አሮጌው ቢጣል ኖሮ የምንወያይበት ነገር አይኖርም ነበር።

ማን ማየት ይችላል?

በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የስኮትላንድ ትያትር መዛግብት በ1981 ተቋቋመ። የሲቲዝንስን ጨምሮ የብዙ ቡድኖችና የግለሰብ ተዋንያን ወረቀት ይዟል። ኤደንብራ ያለው የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም የትያትር ስብስብ አለው። ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። ካታሎጉን በኢንተርኔት አይቶ፣ የሰነዱን ቁጥር ጽፎ፣ ቀጠሮ ይዞ መሄድ ነው። እስክሪብቶ አይገባም፤ የሚፈቀደው እርሳስ ብቻ ነው። ቀለም አንዴ ከነካ አይለቅም።

ወረቀቱ ራሱ በሽተኛ ነው። የጋዜጣ ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ይቃጠላል፤ ቢጫ ሆኖ ይፈረፈራል። የብረት ክሊፕ ይዝግና ገጹን ይበላል። ስኮች ሙጫው ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ባለሙያዎቹ ክሊፑን አንድ በአንድ ነቅለው፣ አሲድ በሌለበት ፋይልና ሳጥን ውስጥ መልሰው ያስቀምጡታል። ቤታችሁ የእናታችሁ ወይም የአያታችሁ ወረቀት ካለም ከሁሉ በፊት ክሊፑንና ላስቲኩን አውጡ። ስኮች የለጠፋችሁበት ካለ ግን ለመላጥ አትሞክሩ፤ ጽሑፉን ይዞት ይነሣል።

አንዳንድ ሳጥን ይዘጋል። በሕይወት ያሉ ሰዎች የግል መረጃ በሕግ የተጠበቀ ነው። የደመወዝ መዝገብ፣ የሕመም ፈቃድ፣ የክርክር ደብዳቤ ያለበት ፋይል ቶሎ አይከፈትም። ሰውየው መሞቱ ካልታወቀ ብዙ መዛግብት ቤቶች ከተወለደ 100 ዓመት እስኪሆነው ይጠብቃሉ።

ማየትና ማሳተም ደግሞ ለየቅል ናቸው። ተዋናይቷ የተቀበለችው ደብዳቤ ወረቀቱ የእሷ ነው፤ ቃሉ ግን የጻፈው ሰው ነው። ፎቶው ትያትር ቤቱ ሳጥን ውስጥ ቢሆንም መብቱ የፎቶ አንሺው ሊሆን ይችላል። በብሪታንያ ሕግ የደራሲ መብት ከሞተ በኋላ በአብዛኛው 70 ዓመት ይቆያል። ላልታተሙ አሮጌ ጽሑፎች ግን ለየት ያለ ደንብ አለ። ደራሲው ከ1969 በፊት ከሞተና ጽሑፉ እስከ 1989 ሳይታተምና በሕዝብ ፊት ሳይቀርብ ከቆየ፣ መብቱ እስከ 2039 መጨረሻ ይዘልቃል።

ቼኾቭን ወደ ግላስጎው ያመጣው ጆርጅ ካልድረን በ1915 በጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ሞተ። የታተሙ ሥራዎቹን ማንም እንደፈለገ ሊያሳትማቸው ይችላል። ሳይታተም የቀረ አንድ ደብዳቤው ከሳጥን ቢወጣ ግን፣ ሊያሳትመው የሚፈልግ ሰው ዛሬም ወራሽ ፈልጎ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሕጉ ግን ይህንኑ ይላል። ወራሽ ካልተገኘ ለእንዲህ ዓይነት ባለቤቱ የማይታወቅ ሥራ መንግሥት ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድ አለ። ሕጉ ካልተለወጠ በቀር ጃንዋሪ 1 ቀን 2040 ሲነጋ እንዲህ ታስሮ የቆየው ደብዳቤ፣ የቀን መያዣና ታትሞም በመድረክ ታይቶም የማያውቅ ተውኔት ሁሉ በአንድ ቀን ለማንም አሳታሚ ክፍት ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ሄዶ ማንበብና በእርሳስ መገልበጥ ይቻላል።